አባባ ይመር የጠገኑት ክንድ

የምሠራበት ቤት ሪያድ፣ ራውዳ ሰፈር ነው። የማዳሜ እናት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የሰሊጥ ዘይት አሙቄ አሻቸዋለሁ። ዘይቱ ሲሞቅ መጀመሪያ የተቆላ እህል ይሸታል፤ ቆይቶ ሽታው ይከብዳል። አሮጊቷ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እኔም የአየር ማቀዝቀዣውን ጩኸት አዳምጣለሁ። በዚያ ቤት በአማርኛ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ሽታው ሲመጣ ግን አባባ ይመር ይመጡብኛል።

አባባ ይመር ወሎ ያደግኩበት መንደር ወጌሻ ነበሩ። ወለም ያለውንም፣ የተሰበረውንም የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ የሚያገለድሙ ሰው ነበሩ። ጣቶቻቸው ከዘይቱ የተነሳ እንደ ሕፃን ቆዳ የለሰለሱ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በየልኩ ታስሮ ይቆም ነበር። የደከመውን የሬዲዮ ድንጋይ ግንቡ ላይ ፀሐይ ያሞቁትና «አጥንትም ፀሐይ ይወዳል» ይሉናል።

እኛ ልጆች የምንፈራው ስልቻቸውን ነበር። አረፋ ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ ቤት የበጉን አጥንት አጥቦ፣ አድርቆ ይልክላቸዋል። እሳቸው ያንን ሁሉ ስልቻ ውስጥ ይከቱና ሥራ በሌለ ቀን እጃቸውን ሰደው፣ ሳያዩ፣ «ይኼ የጎን ነው፤ ልብና ሳንባን አቅፎ የሚኖር። ይኼ የጀርባ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ የሚያቆም» እያሉ ይለያሉ። ለምን እንደሚያደርጉት ስጠይቃቸው «ጣቴ እንዳይረሳ ነው» አሉኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከሾላ ዛፍ ወደቅሁ። ግራ ክንዴ መሀል ላይ ታጠፈ። እናቴ አዝላ አደረሰችኝ። አባባ ይመር በሞቀ ዘይት ቀስ ብለው ዳበሱኝና «አንቺ ጦጣ፣ ሾላው ግን ይጣፍጥ ነበር?» አሉኝ። «አልበሰለም ነበር» ብዬ ሳልጨርስ ጎተቱት። ጩኸቴ ከመንደር መንደር ተሰማ አሉ።

ከዚያ ጤነኛ እጄን ይዘው የራሳቸው ክንድ ላይ አስቀመጡና መዳፋቸውን ገለበጡ። ከቆዳው ሥር የሚዞር ነገር ተሰማኝ።

«ሁለት አጥንት ነው ያለው። መዳፍሽን ስትገለብጪ አንዱ በአንዱ ላይ ይዞራል። ሁለቱንም ካላቃናሁልሽ ሸክም ትችያለሽ፤ እህል መዝገን ግን ያቅትሻል።»

በአሮጌ ሽርጥ ቅዳጅ የተጠቀለለ ቀርከሃ አሰሩልኝ። ለእናቴም «ከላላ ይጣመማል» ብለው ነገሯት። አመሻሹ ላይ ሌላ መንደር ሰው ተሰብሮ ጠሯቸውና ሄዱ።

እናቴ እንደኔ ነበረች፤ ካልነካካች አታምንም። ንጋት ላይ ማሰሪያው የላላ መሰላት። ጉልበቷን ክንዴ ላይ አድርጋ በሙሉ ኃይሏ አጠበቀችው። እጀ ጠማማ ሴት ልጅ ነገ ምን ትሆናለች ብላ ነው። መጀመሪያ ጣቶቼ ነዘሩኝ፤ ከዚያ አበጡ፤ ረፋድ ላይ ሕመሙ ጠፋ። እሷም «አልሐምዱሊላህ፣ ተሻላት» ብላ ልብስ ልታጥብ ተቀመጠች።

አባባ ይመር ከቀትር በፊት ተመለሱ። ወደ ቤታቸው ሳይገቡ፣ ኮንጎ ጫማቸው አቧራ እንደለበሰ ወደ እኛ መጡ። የአውራ ጣቴን ጥፍር ተጭነው ለቀቁት። ነጭ እንደሆነ ቀረ። ደግመው ተጫኑት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ማነው ያጠበቀው?»

መልስ ሳይጠብቁ በምላጭ ማሰሪያውን በጠሱት፤ ቀርከሃው ወለሉ ላይ ተበተነ። እጄን ታፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ደሙ ካልተመለሰ ይህች እጅ የለችም» አሏት እናቴን።

እናቴ እርጥብ ልብሱን እንደያዘች ቆመች። እኔ የማስታውሰው ከልብሱ የሚንጠባጠበውን ውኃ ነው። አባባ ይመር አላሹም፤ አንዱን ጥፍር ተጭነው መልቀቅ ብቻ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጣቶቼ እሳት እንደነካቸው አቃጠሉኝና አለቀስኩ። እሳቸው ግን ሳቁ። «አልቅሺ፣ አልቅሺ የኔ ጦጣ!» አሉ። ጥፍሬ ቀልቶ ነበር።

አባቴ ከእርሻ ሲመለስና «ምን ተፈጠረ?» ሲል እናቴ ወደ መሬት አየች። አባባ ይመር ቀደሟት።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ አጥንቱ ነገርኳት፤ ስለ ደሙ አልነገርኳትም። አጥንት ዝም ብሎ የቆመ ምሰሶ አይደለም። እሱም ይበላል፣ ይጠጣል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ቀን ዕድሜ ልኳን ይነግርባት ነበር። እሳቸው ግን አንድም ቀን አላነሱባትም። እያላሉ እያጠበቁ፣ በየቀኑ ጥፍሬን እያዩ ከረሙ። ማሰሪያው ሲፈታ ክንዴ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ነበር። ባዶ ጣሳ አሲያዙኝ፤ ቆይተው ጥቂት ውኃ ጨመሩበት፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ አደረጉት። «ካልሠራ አይጠነክርም» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከጆንያ ስንዴ ዘግኜ ሳሳያቸው መዳፌን ስመው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ሪያድ ከመጣሁ በኋላ መሞታቸውን በስልክ ሰማሁ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። አጠባውን ጨረስኩ።

ባለፈው ሰሞን የታጠበ ግቢ ላይ ተንሸራትቼ ግራ ክንዴ የተሰበረ መስሎኝ ፈራሁ። እጄ ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ልጄ አገር ቤት እናቴ ዘንድ የምትማረው በምንድን ነው? ሹፌሩ ወደ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሱዳናዊው ሐኪም ራጁን ስክሪኑ ላይ ከፈተው። ሁለቱ አጥንቶች ጎን ለጎን ነጭ ሆነው ተኝተዋል።

«ደህና ነሽ፤ አልተሰበረም።»

«የድሮው ስብራትስ የት ነው?» አልኩት በተሰባበረ ዐረብኛዬ።

አጉልቶ አየ። «በዚህ እጅ?»

«በዚህ። ልጅ ሆኜ።»

«እኔ ምንም አይታየኝም፣ እህቴ። ልጅ ሆነሽ በደንብ የገጠመ አጥንት ዱካ አይተውም።»

እንደገና እንዲያይ ለመንኩት። አየልኝ። «ኸላስ፣ በቃ ንጹሕ ነው» አለና ሌላ ሰው ጠራ።

ደረጃው ላይ ሆኜ እናቴ ጋር ደወልኩ። እስከ ዛሬ በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታ ቀድማ «ክንድሽን ይጠዘጥዝሻል?» ትለኛለች፤ ስለዚህ ሐኪሙ ያለውን ቀድሜ ነገርኳት።  

«አባባ ይመር ይህን ሳይሰሙ አለፉ» አለች።

ሹፌሩ «ያላ» እያለ ጡሩምባውን ነፋ። የሚያሳየው ጠባሳ የሌለውን ክንዴን እጅጌዬ ውስጥ መልሼ ወደ መኪናው ሄድኩ።