የአባቴ ጡዘት

ዛሬ ጠዋት ቢቸና ባለው ቤቴ የልጄን ደብተር ስገልጥ የአዲስ ወረቀት ሽታ አወደኝ፤ በገጹ አናት ላይ በቀይ የተሰመረበት «ሴራ» የሚል ቃል አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ሊያስቀረኝ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ሞጣ ነው። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት የአማርኛ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ኮረብታ ሣሉና፣ የታሪክ ሴራ በመነሻ ይጀምራል፣ በግጭት ይወጣል፣ ጡዘቱ አናቱ ነው፣ ልቀቱ ቁልቁለቱ ነው ብለው ሲያበቁ፣ ከቤተሰባችን አንድ ታሪክ ጠይቀን ሴራውን እንድንጽፍ አዘዙን። እኔም እየሮጥሁ ወደ እህል ነጋዴው አባቴ ሄጄ፣ «አባባ፣ የቤታችሁን ሴራ ጽፋችሁ አምጡ ተብለናል» አልሁት። እሱ የሚያውቀው ሴራ ጎረቤት በጎረቤት ላይ የሚዶልተውን ነው። የሚሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጠና፣ «ሴራ ተማሪ ልጅ የለኝም! ከነገ ጀምሮ ሱቅ ትውያለሽ» አለ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ።

በማግሥቱ መጽሐፌን ሊመልስ ይዞኝ ሄደ። መምህሩ ግን አልተቆጡም፤ «ይቀመጡ አባቴ፣ ሰምተው ይፍረዱ» አሉት። ከኋላ ወንበር ላይ ዱላውን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ እያዳመጠ፣ ትምህርቱ ጡዘት ላይ ሲደርስ አላስቻለውም፣ «ይኸማ የኔ ሠርግ ነው!» ብሎ ተነሣ።

በውሰት በቅሎ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሙሽራዋን ሊወስድ ሲመጣ በቅሎዋ ጥላው ወደ ጌታዋ ቤት መመለሷን፣ እሷን ሲያባርር ሚዜዎቹ ቀድመውት መግባታቸውን፣ እሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ሲደርስ መልኩን አይተው የማያውቁት አማቱ በር ላይ ቆመው «ሙሽራውስ የታለ?» ማለታቸውን ተረከ። እዚህ ላይ ደወል ተደወለ።

«ከዚያስ አባባ?» ብሎ ክፍሉ ጮኸ። ማግባቱን ቁጭ ብዬ የምመሰክረው እኔ እንኳ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

«ልቀቱን ነገ ልጄ ስትመጣ ትነግራችኋለች» አለና ወጣ።

ነገ ስትመጣ! ሌላውን አልሰማሁም፤ ደስታዬ የምይዘውን የምጨብጠውን አሳጣኝ።

ማታ ልቀቱን ነገረኝ፤ ለአማቱ «ከኋላ እየመጣ ነው» ብሎ፣ ሄዶ ተጣጥቦ፣ በዚያው በር እንደ አዲስ ገባ። ዛሬም ለልጄ ደስ ብሎኝ ተረክሁላት። «የት ታጠበ?» አለችኝ። አባቴ ወንዝ ወርጄ ሲል እናቴ በጓሮ ነው እያለች ይከራከሩ ነበር፤ ማን እንደረታ ረስቻለሁ። ሁለቱም የሉምና የምጠይቀው ሰው የለኝም።