ጫማው፣ ሰይጣኑና መልአኩ

ወንድሜ ሊያገባት የፈለጋት ልጅ አባቷ ግሪካዊ ናቸው። እሷ ራሷ እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለደችው። ሁለቱ በመካከላቸው ጨርሰዋል፤ አባቷ ካልመረቁ ግን እንደማታገባው ነግራዋለች። አባታችን በሕይወት ስለሌሉ እናታችን ሽማግሌ ይላክ አለች። የሄዱት ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ ነን። ንግግሩን የያዙት አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

ማንም ያስተማረኝ የለም። ሻኮፒ ወዳለው የምሠራበት መጋዘን ድራይቭ ሳደርግ እንግሊዝኛ እየሰማሁ፣ ለሰማሁት አባባል ሁሉ የአማርኛ አቻ እየፈለግሁ ነው የለመድኩት። ለዚያ ቀን ደግሞ ልጅቷ አባቷ የሚያዘወትሯቸውን የግሪክ ተረቶች ቃል በቃል በእንግሊዝኛ አድርጋ ላከችልኝ። "ባቄላ በባቄላ ከረጢቱ ይሞላል" የሚለው አላስቸገረኝም፤ የኛም እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል። አንዱ ግን ከረመብኝ፦ "ጫማ ከአገርህ ይሁን፣ የተጣፈም ቢሆን።" የአገርህን ሰው አግባ ማለት ነው። እንግሊዞቹ ለእንዲህ ያለው ነገር የምታውቀው ሰይጣን ይሻላል ይላሉ። በአማርኛም "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" አለ። ሲገጥምልኝ ደስ አለኝ። አባትየው ባይሉት ግን እመርጥ ነበር።

ኩን ራፒድስ ያለው ቤታቸው ስንደርስ ጠረጴዛው ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ጾም ስለነበረ እናትየው የወይራ ፍሬና በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አቅርበዋል። አባትየው ተቀመጡ አሉ። ጋሼ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ይህን ስተረጉም አባትየው ፊታቸው ተለወጠ፣ እናትየውም ዞር ብለው ምግቡን አዩ። በኛ ወግ ይህ አክብሮት መሆኑን ከራሴ ጨምሬ ነገርኳቸው። አላመኑኝም መሰለኝ።

ጋሼ ቆመው ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። አባትየው አንድ ነገር በግሪክኛ ተናገሩ፤ ቀጥሎ ለኔ ብለው በእንግሊዝኛ ደገሙት። ጫማው ነበር።

ያዘጋጀሁትን በአማርኛ አልኩ።

ጋሼ ፈገግ አሉ። "የማያውቁት መልአክ የኛ ልጅ ነዋ! መልአክ ካሉልንማ ምን ቀረን? እናመሰግናለን በላቸው።"

ሁለተኛው ሽማግሌ ሳቁ። አባትየው የሳቁን ምክንያት ለመስማት እኔን ያያሉ። እሳቸው ግን መልአክ አላሉም። እንግሊዝኛው ውስጥ እንኳ ያለው ሰይጣኑ ብቻ ነው፤ መልአኩ የመጣው ከአማርኛው ነው። የጋሼን መልስ እንዳለ ባቀርበው ያሾፉባቸው ይመስላቸዋል፤ ብለውጠው ደግሞ ጋሼን ትቼ እኔ መልስ ልሰጥ ነው። ሁለት ሰዎች በማይገናኙ ነገሮች እንዲነጋገሩ ያደረግኋቸው እኔው ነበርኩ፣ ያውም አሳምሬ በተረጎምኩት።

"ጋሼ፣ መልአኩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ያሉት፣ ጫማ ከአገርህ ይሁን፣ የተጣፈም ቢሆን ነው።"

"ታዲያ ጫማ ካሉ ጫማ አትለኝም? ጫማ አላውቅም እኔ?"

ለአባትየውም ያደረግሁትን አስረዳሁ። አልሳቁም፤ ግን ወደ ጋሼ ዞሩ፣ መልሱን ከኔ ሳይሆን ከሳቸው እንደሚጠብቁ ሁሉ።

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። "ልጅቷ የተወለደችው የት ነው? ሚኒሶታ። ወንድምህስ ያደገው? እዚሁ። እንግዲህ የአንድ አገር ጫማ ናቸው በላቸው። የኛ መጣፉን አንክድም።"

ምንም አቻ ሳልፈልግ ቃል በቃል አስተላለፍኩ። አባትየው የመጨረሻዋን እንድደግም ጠየቁኝ። ደገምኩ። ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆመችውን ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ አሉ።

እሺ አላሉም። በኛ ወግ ግን የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ቀጠሮ ከሰጠ በሩን አልዘጋም ማለት ነው። ልጅቷ ይህን ስለማታውቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ቀስ ብዬ ነገርኳት።

"በማን ፋሲካ?" አሉ ጋሼ።

"የነሱም የኛም አንድ ቀን ነው።"

ጋሼ ወንበር ሳቡ። ቀጠሮ ከተገኘማ መቀመጥ ይቻላል አሉ። ይህን ልተረጉም አፌን ስከፍት እናትየው ሳህን እያቀበሏቸው ነበር።