ለሙሽራ የተሰጠ የጆሮ ኩክ ማውጫ

በሰርጌ ማግስት አማቴ ከማተባቸው ፈትተው የብር ጌጥ ሰጡኝ። ከጣት የማይረዝም፣ ጫፉ ማንኪያ የመሰለ የጆሮ ኩክ ማውጫ ነው። ለትልቋ ምራታቸው ድሪ፣ ለእኔ ኩክ ማውጫ! ከአዲስ አበባ ወረታ ድረስ መጥቼ፣ የወረዳ ባለሙያ ተብዬ፣ «ጆሮሽ ቆሽሿል» ተባልኩ ማለት ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀበልኩና ቤቴ ስገባ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ከዚያ ወዲያ ገጠር እሳቸው ቤት በሄድን ቁጥር ዓይናቸው አንገቴ ላይ ያርፋል፤ ባዶ ሲያገኘው ወደ ሩዙ ማሳ ይዞራል። «እናትህ ጠልተውኛል» አልኩት ባሌን።

«እናቴ ሰው አትጠላም» አለኝ። ልጃቸው ሌላ ምን ይላል?

አንድ ቀን ቢሮ ኔትወርክ ሲመጣ ስለ ጥንት የአንዲስ ተራራ ሴቶች አነበብኩ፤ ደቡብ አሜሪካ ነው። ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ የሚያያይዙበት፣ ራሱ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሰፋ የብር መርፌ ነበራቸው። ወርቅ የፀሐይና የወንድ፣ ብር የጨረቃና የሴት ነው ይሉ ነበር አሉ። መርፌው የሴትዮዋን ክብር ይናገራል፤ ስትሞትም አብሯት ይቀበራል። ቅናት አንገበገበኝ። የሰው አገር ሴት ጨረቃ ደረቷ ላይ ትሰካለች፣ እኔ ኩክ እጠርጋለሁ!

ለፋሲካ ስንሄድ፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ብዬ፣ ጨረቃውንም ክብሩንም መቃብሩንም አንድ ሳላስቀር ለአማቴ ተረኩላቸው። እሳቸው የክብሪት እንጨት ጆሯቸው ውስጥ እያሽከረከሩ ሰሙኝ። ይህ ልማዳቸው ሁሌም ይቀፈኛል።

«አብሯቸው ተቀበረ?» አሉ ደንግጠው። «ወይ ጉድ! ታዲያ ለምራታቸው ምን ሰጡ?»

«እንጃ» አልኩ። «የእርስዎስ ኩክ ማውጫ የምን ምልክት ነው፣ እማማ?»

«ኧረ ወዲያ! የምን ምልክት? ጆሮ ይጠርጋል። ድሪውንማ ከአንበሳሜ ገበያ ነው የገዛሁት። ይኸ የእናቴ ነበር። ያንቺ እናት ሩቅ ናት፤ የእናት ዕቃ ይኑራት ብዬ ነው።» እንጨቱን አውጥተው አዩት። «ካልወደድሽው ግን መልሽልኝ፣ ልጄ። ክብሪቱ እየተሰበረ አስቸገረኝ።»

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወረታ ስንመለስ መሳቢያውን ገልብጬ ፈለግሁት፤ ከተበላሸ ቻርጀር ሥር አገኘሁትና አንገቴ ላይ አሰርኩት።

በሚቀጥለው ስንሄድ ዓይናቸው እንደ ልማዱ አንገቴ ላይ አረፈ።

«እሰይ!» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «በይ እስቲ አንዴ አውሺኝ።»