እናቴ የያዘችው መቃብር

ጦርነቱ በከተማችን ያለፈ ሰሞን የሞቱት ወታደሮች የተቀበሩት በሰፈራችን በጥንቱ የሙስሊሞች መቃብር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነው፤ በዚያ በኩል ተኩሱ አላቆመም ነበርና ማተብ ያለውም የሌለውም እዚሁ ገባ። ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ረመዳን ሊገባ ሲል ሁሉም ማጭዱን ይዞ የየዘመዱን መቃብር ያጸዳል፤ የእነሱን ግን አረም ዋጠው። ይሄኔ የሰፈሩ ሴቶች መቃብሮቹን ተከፋፈሏቸውና እያንዳንዷ አንድ አንድ ያዘች።

እናቴ የያዘችው መርጣ ነው። የቀብሩ ቀን ከፈን ሲያልቅ፣ ለታላቅ ወንድሜ ሠርግ ያስቀመጠችውን አዲስ አንሶላ ይዛ ሮጠች። እዚያ ስትደርስ የአንዱን ልጅ እጅ አየች፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ከመሃሏ የተጣመመች ነበረች። አንሶላው ለእሱ ሆነ። ወንድሜም ወታደር ነው፤ ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። "እኔ ይሄን ስይዝ አላህ የእኔን ይይዝልኛል" ትለኝ ነበር። ሞቷልና ለወንድሜ ሰደቃ ይውጣለት ያላትን ሰው ደጃፏን አታስረግጠውም። እኔም ነገሩን አንዴ ነካ ባደርገው ስንት ቀን አኩርፋኛለች።

ባጃጅ እነዳለሁ። ዘንድሮ በጽዳቱ ቀን መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ከመንዝ የወረደች ሴትዮ ተሳፈረች። በዚያ ሙቀት ጋቢዋን አላወለቀችም። ወታደሮቹ የተቀበሩበት አድርሰኝ፣ የልጄን አጽም ወደ አገሩ ላፈልስ ነው አለችኝ። ጓደኛው እዚህ መውደቁን ነግሯት ነው የመጣችው። ሕፃን ሳለ በር ጣቱን እንደቀጠቀጠውና ተጣማ እንደቀረች ስታወራ መሪው ከእጄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ሼኹ በአክብሮት ተቀበሏት። ግን የማን እንደሆነ ሳይታወቅ መቃብር እንደማይከፈት ነገሯት፤ ያወቀ ሰው ካለ ራሳቸው ዶማ እንደሚያነሱ ቃል ገቡላት። ጣቱን ስትነግራቸው የቀበሩት ወንዶች ተያዩ። በዚያ ጥድፊያ ከእነሱ እጅ ያየ ማንም የለም፤ እናቴም ያየችውን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ ሣር ታጭዳለች። ማጭዷ ቆመ፤ ቀና ግን አላለችም።

ሴትዮዋ ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። በመጨረሻ እናቴ ጋ መጣች።

"እህቴ፣ አንቺስ አላየሽውም?"

እናቴ ማጭዷን መልሳ ሣሩ ውስጥ ከተተች። ብናገር እናቴን ልገድላት ነው፤ ዝም ብል ይህቺኛዋን። በሁለቱም ተናደድኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በሞተውም ጭምር።

ሴትዮዋ፣ እንግዲያው ለሁሉም አልቅሼ እሄዳለሁ አለች። ከመጀመሪያው መቃብር ራስጌ ተቀምጣ አፈሩን እየዳሰሰች አለቀሰች። ተነስታ ወደሚቀጥለው ሄደች። እናቴ በዓይኗ ትከተላታለች። እየቀረበች መጣች። ከእናቴ አጠገብ ያለው መቃብር ጋ ደርሳ ልትቀመጥ ስትል እናቴ ክንዷን ያዘቻት።

"እዚያ አይደለም። የአንቺ እዚህ ነው፤ በአንሶላ ነው የጠቀለልነው፣ ባዶውን አልገባም።"

ሴትዮዋ የእናቴን እጅ ሳመች፤ እናቴ ግን ፊቷን አዞረች።

የማፍለሱ ፈቃድ ተገኝቶ ዘመዶቿ ሳጥን ይዘው የወረዱ ዕለት ሼኹ እንዳሉት ዶማውን ራሳቸው አነሱ። እናቴ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። መናኸሪያ ድረስም አብራን ሄዳ ሸኘቻቸው። ስንመለስ ከኋላዬ ተቀመጠች። ሰፈራችን ልንገባ ስንል ትከሻዬን ነካችኝ።

"ለወንድምህ ሰደቃ እናውጣለት" አለች።

መንገዱ አልታይ ስላለኝ ባጃጁን ጥግ አስያዝኩት።