የሁሴን ካፖርት እና አረንጓዴው ሳጥን

ይህን ነገር ስድስት ዓመት ለማንም ሳልተነፍስ ይዤው ኖሬያለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ አብረውኝ ይህችን ጋዜጣ ለሚያዘጋጁትም አልነገርኩም። ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ስህተት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የራሴን ለመጻፍ ስቀመጥ ግን ብዕሩ ከበደኝ። የበደልኩት በእናንተ በአንባቢዎቼ ፊት ስለሆነ፣ የምናገረውም ለእናንተ ነው።

ኦስሎ ያለው መረዳጃ ማኅበራችን በየወሩ በሚያወጣት በዚህችው ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ ላይ ስለ አንድ ትልቅ የልብስ መደብር ጽፌ ነበር። መደብሩ በሩ አጠገብ ቅጠል የተሳለበት አረንጓዴ ሳጥን አቁሞ፣ አሮጌ ልብሳችሁን አምጡ፣ አዲስ ሕይወት እንሰጠዋለን ይል ነበር። ጋዜጠኞች ሲጠሩ እኔም ተጠራሁ። ቢየርቪካ የሚባለው ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤታቸው ስደርስ ስሜ ፊደል ሳይሳሳት የተጻፈበት፣ ከሥሩም ጋዜጠኛ የሚል ባጅ ጠበቀኝ። ኖርዌይ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲያ ብሎ የጠራኝ አልነበረም።

አስጎብኚዋን ልብሱ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኳት። አዲስ ሕይወት ያገኛል አለችኝ። ይህ መልስ ነው? አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ጀማሪ ሪፖርተር እንዲህ ያለ መልስ ይዞልኝ ቢመጣ፣ የት? ስንቱ? ማን አየ? ብዬ እመልሰው ነበር። እኔ ግን አልጠየቅኩም። ባጁ አንገቴ ላይ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም። ቤቴ ገብቼ «የምትሰጡትን ልብስ ሌላ ሰው ይለብሰዋል» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም አልነገረኝም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ዘይነባ የወሎ ሰው ናት። ትሮስተሩድ ትኖራለች፣ ቢሮ ታጸዳለች። ባሏ ሁሴን አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ አጭር፣ ሳቂታ ሰው። ጽሑፌ በወጣ በሁለተኛው ወር አረፈ። ልብሱን ሰደቃ ልታደርገው ፈልጋ ደወለችልኝ። ከታች ፎቅ ልክ እንደ ሁሴን አጭር የሆነ ጎረቤት አላት። ለእሱ ልትሰጠው አስባ ነበር። ልጇ ጽሑፌን ስታነብላት ግን፣ ከጎረቤቷ የባሰ የተቸገረ ሰው ቢያገኘው ይሻላል ብላ ሐሳቧን ለወጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያላጣሩትን አይጽፉም» አለችኝ። «በእርግጥ ሰው ይለብሰዋል?»

«ያ፣ ያ፣ ይለብሰዋል» አልኳት፣ እዚህ እንደለመድነው አዎንን በኖርዌጂያኑ።

ቅዳሜ ዕለት ቤቷ ሄጄ ከረጢቶቹን እስከ መደብሩ አብሬያት ተሸከምኩ። ሁሉም ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ የወለቀው ቁልፍ ተተክሎ ነበር። ሰማያዊው የብርድ ካፖርት ለሁሴን እጅጌው ረዝሞበት በእጇ ያሳጠረችለት ነው። ኪሱ ውስጥ አዲስ የሱፍ ጓንት ከትታለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ የሚለብሰው ሰው እጁን ኪሱ ሲከት ደስ እንዲለው ነው አለችኝ።

የሳጥኑ አፍ ጠባብ ነበር። ካፖርቱን አጣጥፋ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ በሁለት እጇ ገፋችው። ሻጯ ልጅ ፈገግ ብላ ለአዲስ ልብስ መግዣ የሚሆን የቅናሽ ኩፖን ዘረጋችላት። ዘይነባ ኩፖኑን አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ለሰደቃም ኩፖን አለው እንዴ? ሁሴን ይህን ቢያይ ስንት ቀን ይስቅብኝ ነበር።»

አልተቀበለችም። ማስታወቂያ ነው፣ ተይው አልኳት። እኔ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቀችው እሷ እንደሆነች የገባኝ በኋላ ነው። ለምድር አስባለሁ የሚል ሱቅ ሌላ ልብስ እንድትገዢ ለምን ያባብልሻል?

በተከታዩ ዓመት ለሌላ ዜና ከከተማው ውጭ ወዳለ የልብስ መጋዘን ሄድኩ። ከዚያው ሳጥን የመጣ ልብስ በትልልቁ ታስሮ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ልብስ የሚለየው ሠራተኛ ምንም አልደበቀኝም። ደህናው ተመርጦ ይሸጣል፤ ሌላው ተጭኖ ባሕር ይሻገራል፤ የተወሰነው ለመወልወያ ይቀደዳል፤ የተወሰነው ይቃጠላል። የማን ልብስ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ለመደብሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። አሁንም አዲስ ሕይወት የሚል መልስ መጣ። መልሱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ለምን እርማት አላወጣሁም? ለዘይነባ አዝኜ ነው እል ነበር። ብርዱ በገባ ቁጥር በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ታገኘኝና፣ ባቡር ውስጥ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሰው አይታ የእጅጌውን ስፌት ለማየት ጠጋ ብላ እንደቆመች ትነግረኝ ነበር። እኔም አዎን እንደሚል ሰው አንገቴን እነቀንቅ ነበር። ይህ ማዘን ነው? አይደለም። ያላጣራውን አይጽፍም የሚባለው ስሜ እንዳይጎድፍ ነው። ያላየሁትን ጻፍኩ፤ ሳየው ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን ደግሞ ርኅራኄ ብዬ ጠራሁት።

ዘንድሮ ከቬስትሊ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። እናቷ አርፈውባታል። ልብሳቸውን ሳጥኑ ውስጥ እንድትከት የመከረቻት ዘይነባ ናት፤ ጋሼ አጣርተውታል ብላ። ለጊዜው አትክተቺው አልኳትና እሁድ ትሮስተሩድ ሄድኩ።

ዘይነባ የልጇን ሱሪ እያሳጠረች ነበር። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ አዳመጠችኝ።

«ካፖርቱስ?» አለች።

«አላውቅም።»

«ጓንቱስ?»

«አላውቅም፣ ዘይነባ። ያኔም አላውቅም ነበር።»

ስትናገር ድምፅዋ አልከረረም።

«ያኔ አላውቅም ቢሉኝ ኖሮ ለታች ጎረቤቴ እሰጠው ነበር። ደረጃው ላይ ለብሶት በየቀኑ አየው ነበር።»

ይቅር በይኝ አልኳት።

«የእኔን ኒያ፣ የልቤን ሐሳብ፣ አላህ ያውቀዋል፣ ጋሼ። የእርስዎን እርስዎ ያውቁታል።»

ሻይ ቀዳችልኝ። ልወጣ ስነሳ የኮት ቁልፌ ላልቶ አየችና አውልቁት አለችኝ። ክሩን በጥርሷ በጥሳ አጠበቀችልኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ሱቅ ስገባ፣ ቅጠል የተሳለበትን ወረቀት ትቼ ልብሱን ገልብጬ ውስጡ የተሰፋውን ጽሑፍ አነባለሁ። ፊት ለፊቱ ተፈጥሮን የሚያከብር የተባለው ሹራብ ውስጡ አብዛኛው ፖሊስተር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የትኛው ክፍሉ? ስንቱ? ከሻጩ ሌላ ማን አረጋገጠ? ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሌላ ያማረ ቃል ከሆነ ወደ መስቀያው እመልሰዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያለኝን አስጠግኜ እለብሳለሁ። ይህ ካሳ አይሆነኝም። መጠየቅን ያኔም አውቅ ነበር።

እርማት፦ ከስድስት ዓመት በፊት በዚህች ጋዜጣ ላይ «የምትሰጡትን ልብስ ሌላ ሰው ይለብሰዋል» ብዬ ጽፌ ነበር። ሳላጣራ ነው የጻፍኩት። ሳጥኑ ውስጥ የገባ ልብስ የት እንደሚደርስ አላውቅም። የሚለብሰው ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ በእጁ ስጡት።