እስከ ሰማንያ ቀኗ የተዘጋ ፊልም

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ማለዳ አባቴ ፎቶዬን ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዶ አልጋ ሥር ከተተው። ሽማግሌ ልኮ የጠየቀኝን ሰው አላገባም ብዬ ነበርና "ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም" አለ። እኔም በሞያሌ አድርጌ፣ ኬንያን በአውቶቡስ አቆራርጬ ካምፓላ ገባሁ። ይኸው ማኪንድዬ የሚባል ሰፈር የወደድኩትን አግብቼ ሴት ልጅ ወለድኩ። ልጅ የለኝም ያለው ሰውዬ የልጅ ልጅ አለው፤ እንግዲህ ምን ይሁን!

እናቴ ደውላ የልጅቷን ፎቶ ላኪልኝ ስትለኝ ካሜራ ልንገዛ ወጣን። ባሌ ተክሌ ዲጂታል ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ፤ ወዲያው ይታያል ይላል። እኔ ደግሞ የጠላሁት ይህንኑ ነው። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሳትነሳ ጎረቤቱ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ ክፉ ዓይን ሊጥልባት? ፊልም ግን እስኪታጠብ ድረስ ምስሉን ለማንም አያሳይም። ባለሱቁ ይህን ሳስረዳው ግራ ገባው።

"ማማ፣ ሰው ሁሉ ቶሎ ማየት ነው የሚፈልገው" አለኝ በእንግሊዝኛ።

"እኔ አልፈልግም። ፍላሽም አልፈልግም።"

አራስ ልጅ ዓይን ላይ መብረቅ አልለቅም አልኩት። እየሳቀ፣ እንግዲያው በትንሽ ብርሃን የሚሠራ ባለ አራት መቶ ፊልም ውሰጂ፣ መስኮት አጠገብ አንሺያት አለኝ። ደግ መከረኝ፤ የካምፓላ ፀሐይ እንደሆነ እንደ እኛ አገር የክረምት ፀሐይ አትኮራም።

በማግስቱ ተክሌ ካሜራውን ደቅኖ ሳለ፣ ብቻዋን ትነሳ፣ አንቺ ካለሽበት አባትሽ አይሰቅለውም አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ልጅቷ ከሰማይ ነው የወረደችው? እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ በጎኔ አቀፍኳትና "አንሳ!" አልኩት።

ክርስትናዋ እንዳለፈ ፊልሙን አሳጥበን ፎቶውን በሰው እጅ ላክነው። ከሳምንታት በኋላ ደወልኩ።

"አባትሽ ሰቀለው" አለች እናቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እኔም አለሁበት?"

"አንቺን ወደ ኋላ አጥፎሽ ነው" አለችኝ።

ቀደደው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"አልቀደደውም። እጅሽን ግን ማጠፍ አልቻለም፤ ሆዷ ላይ ነዋ። እሱን ካጠፈ ልጅቷም ትታጠፋለች።"

ስልኩን ስጪው አልኳት። ሳሎን ቆሞ ልጅቷን እያያት ነው፣ ብጠራውም አይመጣም አለችኝ።

"ተይው አትጥሪው" አልኳት። "እጄንም እያየ ነው።"