ሻለቃን ማዘዝ

«እኔ እርስዎን አላዝም። ሥራውን ብለቅ ይሻለኛል» አለ ደምበላሽ።

«እንግዲያው ልቀቅ» አሉ ሻለቃ ተሾመ፣ ከሶፋው ሳይነሡ።

እኔ ቦርሳዬን ሳላወርድ በሩ ሥር ቆሜያለሁ። ጠዋት ከሎስ አንጀለስ በአውቶቡስ የተነሣሁት ስለ ጦር አዛዥ የጀመርኩት ግጥም አልገፋ ብሎኝ ነው። የግጥሜ አዛዥ ድምፁ ነጎድጓድ ነው፤ እውነተኛ አዛዥ ግን ቀርቤ አላውቅም። ሻለቃ አገር ቤት ጦር የመሩ የአጎቴ ወዳጅ ናቸውና ስደውልላቸው «ና» አሉኝ።

መንገዱ ገላጣ በረሃ ነው። ላስ ቬጋስ እንደደረስኩ አንድ ካዚኖ ገብቼ በአምስት ዶላር ቡፌ እስክጠግብ በላሁ። በቀን ፀሐይ የሚበሩት አምፖሎች እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ይመስላሉ። ከዚያ በከተማ አውቶቡስ ሻለቃ ወደሚኖሩበት ሰፈር ወደ ዊትኒ ሄድኩ። እዚህ ሰዉ ወይ ከሥራ ሺፍት እየተመለሰ ነው፣ ወይ ወደ ሺፍት እየሄደ።

ዊትኒ፣ ከሰዓት በኋላ

ቁጭ ስል ነገሩ ገባኝ። ሁለቱ አፓርትመንቱን ይጋራሉ፤ የሚሠሩትም በአንድ ሆቴል ላውንድሪ ነው። ደምበላሽ በሻለቃ ጦር ውስጥ አሥር አለቃ ነበር፤ እዚህ ሱፐርቫይዘራቸው ሆኗል። የማድረቂያ ማሽኖቹ ጎን እሳት ነው። ሁሉም በየተራ ይገባበታል፤ ሻለቃ ብቻ፣ ደምበላሽ ስለማያዛቸው፣ ዘወትር ፎጣ ያጥፋሉ። ሠራተኞቹ አጉረመረሙ። ማናጀሩም ዛሬ ካላስተካከለ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ ለደምበላሽ ነግሮታል።

ሻለቃ ወደ እኔ ዞረው ስለ አንድ መኮንን አጫወቱኝ፤ የገዛ ሚስቱን ወንድም ከምሽግ አውጥቶ ግምጃ ቤት አስቀመጠ። አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረም አሉ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ሰውዬው «ተነሡ» ባለ ቁጥር ወታደሩ ሁሉ የጫማ ክር የሚያስር ሆነ።

«እኔ እኮ አክብሬዎት ነው» አለ ደምበላሽ።

«ፈርተኸኝ ነው። የፍርሃትህን ላብ ደግሞ ሌሎቹ ያፈሱልሃል።»

ደምበላሽ ብድግ ብሎ እጆቹን ከጎኑ ገጠመ። «ጌታዬ፣ ዛሬ ቢችሉ…»

«ቢችሉ የሚባል ትዕዛዝ የለም።»

ደምበላሽ ቀና አለ። «ሻለቃ፣ ዛሬ ማድረቂያው ጋ ይገባሉ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ቅዳሜ።»

«ከዚያ ማን ይተካኛል?»

ደምበላሽ አላሰበበትም ነበር። እኔም ነጎድጓዱን ስጠብቅ ቆይቼ፣ ማዘዝ ማለት የታዘዘው ሲደክም ማን እንደሚተካው ቀድሞ ማወቅ ኖሯል አልኩ በልቤ።

«እኔ» አለ ደምበላሽ። «በየመሃሉ እየወጡ ውሃ ይጠጣሉ። ይህም ትዕዛዝ ነው።»

«አሁን ሆነ።»

ሻለቃ የሥራ ሸሚዛቸውን ከወንበሩ አንሥተው ለበሱ፤ ቁልፉን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ደምበላሽ በር ሊከፍትላቸው እግሩን አነሣ። በዓይናቸው ገቱት። ራሳቸው ከፍተው ወጡ፤ በሩም ተዘጋ።